አስታራቂው ማዞሪያ

በቀረጻ ስቱዲዮአችን የድምፅ ሚክሰር ላይ ካሉት ማዞሪያዎች ሁሉ ትልቁ ቀዩ ነው። ከሌሎቹ ራቅ ብሎ በቀኝ ጠርዝ፣ እንግዳ ከሚቀመጥበት ሶፋ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተገጥሟል። ሲዞር ከበድ ይላል፤ ውድ ዕቃ ይመስላል። ከሥሩ ግን አንዲት ገመድ እንኳ የለችም። ወንድሜ ከተሰበረ ሬዲዮ ነቅሎ የገጠመው ነው፤ «አስታራቂው» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ዘፋኝ ወይም አንድ የማስታወቂያ ሰው የተሠራለትን ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን ቅጭም ያደርግና «ጥሩ ነው፤ ግን ምን ልበልህ፣ ትንሽ ነፍስ ይጎድለዋል» ይላል። ነፍስ የሚል ጽሑፍ ሚክሰሩ ላይ የለም። ወንድሜ ግን ከእንግዳ ጋር አይከራከርም። «እውነትህን ነው። እስቲ ያንን ቀዩን አንተው በጆሮህ ልክ አዙረው» ይለዋል። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ትንሽ ይመልሳል፣ ከዚያ «እሰይ! አሁን ሆነ!» ይላል። አንድ የቀለም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅማ ካዞረው በኋላ ተነስቶ ወንድሜን አቅፎታል።

«ማዞሪያው ምንም አይሠራም፤ ሥራውን የሚሠራው የኛ ፊት ነው» ይል ነበር ወንድሜ። ፊቱንም አስተምሮኛል። እንግዳው ሲያዞር እሱን ማየት አይገባም፤ የሚታየው ስፒከሩ ነው። አንገት ዘንበል፣ ቅንድብ ከፍ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው። ራስ መነቅነቅ የሚቻለው እንግዳው ከነቀነቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ከቀደሙት ይጠረጥራል። መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ አለመሳቅ ነበር።

ስቱዲዮውን ያወረሰን አባታችን ነው፤ ለሁለታችን እኩል። ወረቀቱ እኩል ይላል እንጂ ወንበሩ አንድ ነው፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ የሚቀመጠው ታላቅ ነው። እሱ ሚክሰሩ ፊት ይቀመጣል። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ፣ ወይም ከኋላ ባለችው ጠባብ የማሽን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ፤ ገመድ እጠግናለሁ፣ የተቀዳውን እቆርጣለሁ እቀጥላለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ በር እከፍታለሁ። ቅር አይለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ድምፅ መስማትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ልጅ ሳለሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ «የትኛውን ማይክ ቀየርኩ?» ይለኝ ነበር። ካወቅሁ ከረሜላ፣ ካላወቅሁ ኩርኩም። ከከረሜላው ይልቅ ኩርኩሙን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ስቱዲዮአችን ምድር ቤት ነው፤ ከላያችን የልብስ ስፌት አለ። ማሽኖቹ ሲነሱ ጣሪያችን ይንዘፈዘፋል፤ ስለዚህ ለስላሳ ዘፈን የምንቀዳው የስፌት ቤቱ ሰዎች ምሳ ሲበሉ ነው። ዘፋኞቻችን በምሳ ሰዓት በባዶ ሆዳቸው ስለ ፍቅር ይዘፍናሉ። እንደዚያ አንጀት የሚበላ ነገር የሚወጣቸው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

አንድ የሜታል ሮክ ባንድ አልበም ሊያስቀዳ ሲመጣ ነገሩ ተገላበጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ያሉት ሰዎች በኛ ድምፅ ተማረው ወረዱ። የስፌት ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ሳትገባ «እባካችሁ፣ ምንድን ነው የምታርዱት?» አለችን።

የሚታረደው መምህሩ ነበር፤ የባንዱ ድምፃዊ ማለቴ ነው። ቀን ቀን ሕፃናት ያስተምራል። ሲያወራ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ማይክ ፊት ሲቆም ግን ከሆዱ የሚወጣው ጩኸት በር ያስዘጋል። አንድ ቀን ለብ ያለ ውሃ እየጠጣ «ልጆቹን አልቆጣቸውም። ሁሉንም አጠራቅሜ እዚህ ነው የምጨርሰው» አለኝ። ድራም የሚመታው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሁላችንም «ሐኪሙ» እንለዋለን። ጨዋ ሰው ነው፤ ማባበል ግን አያውቅበትም፣ በሽተኞቹንም የሚያባብል አይመስለኝም። ጊታርና ቤዝ የሚጫወቱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ካልሆነ ከማንም ጋር አያወሩም፣ እርስ በርስ ሲያወሩም በሹክሹክታ ነው።

ወንድሜ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እስኪመጡለት ሲጠብቅ ነው የኖረው። በወጣትነቱ እሱም የሜታል ባንድ ነበረው። የቀሩት ካሴቶች ድምፃቸው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው፤ ይህ ነገር እስካሁን ይቆጨዋል። «ሜታል ከባድ ሙዚቃ ነው እንጂ የሚያቆስል አይደለም። ደረትን ይመታል፣ ጆሮን ግን አይነካም። ሳልሞት አንድ በትክክል የተሠራ አልበም ካወጣሁ ይበቃኛል» ይላል። እስከዚያ ድረስ የወጣልን ነገር ቢኖር የሳሙናና የቀለም ማስታወቂያ ነው።

ቀረጻው አማረ። ወንድሜ አባታችን ድምፅ እንዲውጥ ግድግዳው ላይ ከሰቀለው ምንጣፍ ግማሹን አወረደ፤ የድራሙ ድምፅ ባዶ ግድግዳ ሲያገኝ ገዘፈ። ማይኮቹን በጣት ስፋት ልክ እያስጠጋና እያራቀ ሐኪሙን ቀን ሙሉ አንድ ከበሮ አስመታው። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ «እኔ እንኳ ሰው አፉን አስከፍቼ እንዲህ አላቆይም» አለ። ወንድሜ በደስታ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ከዚያ ሚክሱ፣ የተቀዳውን ሁሉ አመጣጥኖ ማዋሃዱ፣ መጣ። ወንድሜ ሚክስ ሲያደርግ በሩን ይዘጋል፤ እኔንም አያስገባኝም። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅለት ባንዱ ተጠራ፤ እኔም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከእነሱ እኩል ሰማሁት። ድራሙ ደረቴን መታኝ። ቤዙ ልክ ነበር፣ ጊታሩ ልክ ነበር። ሲምባሎቹ፣ የድራሙ ነሐስ ሳህኖች፣ ግን የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ማለት ናቸው። መምህሩ አንድ ስንኝ በጨረሰ ቁጥር ትንፋሹ እንደ መርፌ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ጥርሴን ነክሼ ወንድሜን አየሁት። ፈገግ ብሎ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል።

ዘፈኑ አለቀ። «ጋሼ» አለ ሐኪሙ፣ «ትሬብሉ፣ ቀጭኑ ድምፅ፣ በጣም በዛ። ሲምባሌ የጥርስ መቦርቦሪያ መስሏል። ቀን ሙሉ ስሰማው የምውለው ድምፅ ስለሆነ አልሳሳትም።»

«አይ ሐኪም፣ ሥራህ ተከትሎህ መጥቶ ነው» አለ ወንድሜ እየሳቀ። «እስቲ ያንን ቀዩን ራስህ አዙረው።»

ሐኪሙ አዞረው። እኔ ፊቴን ሠራሁ። ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አዞረና እጁን አነሳ። «ምንም አልተለወጠም» አለ። አስታራቂው ከተገጠመ ጀምሮ እንዲህ ያዋረደው ሰው አልነበረም። ወንድሜ ማሽኑ ገና አልሞቀም ይሆናል ምናምን ብሎ ነገሩን አለሳለሰው።

በነጋታው መምህሩና ሐኪሙ ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። «እትዬ» አለ መምህሩ ጫማውን እያየ፣ «መቼም ጋሼን እንወደዋለን።» እንዲህ ብሎ የሚጀምር ወሬ መጨረሻው እንደማያምር አውቃለሁ።

ሐኪሙ ተቀበለው። «ጆሮው ደክሟል። ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም፤ ስለማይሰማው ይጨምርበታል። ወይ አንቺ ንገሪውና ሌላ ሰው ሚክስ ያድርገው፣ ወይ የተቀዳውን ይዘን ሌላ ስቱዲዮ እንሄዳለን። በዚህ ድምፅ ግን አልበሙ አይወጣም።»

«ይናደድብናል ብለን ነው ላንቺ የምንነግርሽ» አለ መምህሩ። ከዚያ ድምፁን የበለጠ ዝቅ አድርጎ «ባይናደድማ ይብሳል» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አራት ሰው ተነጋግሮበታል፣ ሁለቱ ዝምተኛ ወንድማማቾች እንኳ ሳይቀሩ ሐሳብ ሰጥተውበታል፤ ያልሰማው ባለጆሮው ብቻ ነው።

ወዲያው አላመንኳቸውም፤ እኔም እንደ ወንድሜ ግትር ነኝ። ከሰዓት በኋላ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ማሽን ክፍሉ ገባሁና በስፒከሩ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ለቀቅሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ እያየሁት ትንሽ በትንሽ ጨመርኩት። እኔ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ጨመርኩት። ወንድሜ ምራቁን ጣቱ ላይ ነካ አድርጎ ገጽ ገለጠ። ቆየት ብሎ ቀና አለና «ምነው ዛሬ እንዲህ ጸጥ አለ?» አለኝ።

ፈራሁ። የፈራሁት ለአልበሙ አይደለም። ይህ ሰው ከጆሮው ሌላ ምን አለው? ሚስቱ «አንተ የምትሰማው ስፒከር ብቻ ነው» ብላ ጥላው ስትሄድ እንኳ ስቱዲዮ ገብቶ፣ የሚወደውን ከፍቶ፣ ሲወጣ ሰው ሆኖ ነበር የወጣው። አሁን ደግሞ ወዴት ይገባል?

ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤ ደግሞ ከፍቼ ዘጋሁ። ልናገር ባልኩ ቁጥር «እህት ዓለም፣ ይህን አባባ ቢሰማው!» ይላል፣ ወይም «ሐኪሙ ይጩህ፣ ሲያልቅ ያየዋል» ይላል። በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሌላ መላ ፈለግሁ።

መላው ይህ ነው። ከወንድሜ ሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ስፒከሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ማሽን ክፍል ባለው በኔ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ ገመዱን ቀየርኩ። እዚያ ላይ ለትሬብሉ ወሰን አበጀሁለት፤ እሱ የፈለገውን ያህል ቢጨምር ቀጭኑ ድምፅ እኔ ካሰመርኩት መስመር በላይ አይወጣም። የመጨረሻው ቅጂም የሚቀዳው ከዚያው ከኔ በኩል ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ ከመምጣቱ በፊት የየዘፈኑን ልክ ሠርቼ እጠብቀዋለሁ። እንግዲህ ሚክሰሩ ላይ ያሉት የትሬብል ማዞሪያዎች፣ ረድፉ በሙሉ፣ እንደ ቀዩ ሆኑ ማለት ነው። ልዩነቱ ገመድ ያላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ለባንዱ ምንም አልነገርኩም፤ «ጋሼ እንደገና እየሠራው ነው» ብቻ አልኳቸው። ለሐኪሙ ብሎ የመጀመሪያውን ዘፈን ሊያስተካክል ሲቀመጥ እኔንም ጠራኝ፤ ለወትሮው አይጠራኝም። «ስሚ እንግዲህ፣ አሁን ሲምባሉን ልክፈተው» አለና አንዱን ማዞሪያ ወደ ቀኝ አዞረ። በስፒከሩ የተለወጠ ነገር አልነበረም። «ይኸው! ተከፈተ አይደል?» አለ ራሱን እየነቀነቀ። እኔም ስፒከሩን እያየሁ ነቀነቅሁ። ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ ነው ስፒከሩን ያየሁት።

ባንዱ መጥቶ ሰማ። በመጀመሪያው የሲምባል ምት ላይ ሐኪሙ ቀና አለ፣ ሲያልቅ ደግሞ ተነስቶ ወንድሜን ጨበጠው። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ቀን ተሳስቼ ነው። እጅህ ይባረክ» አለ። መምህሩ ወደኔ ዞሮ በዓይኑ አመሰገነኝ፤ ነግሬው የሰማኝ መስሎታል። ወንድሜ የሐኪሙን እጅ እንደያዘ ቆየ፤ የሚያየው ግን ሐኪሙን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ያለ ጭቅጭቅ ሄደ። ወንድሜ በየቀኑ በሩን ክፍት ትቶ ይሠራል፣ ይጠራኛል፣ ያሰማኛል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን እንደዚያ ሠርተን አናውቅም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝም አፍር ነበር። እንደ ሌባ ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ፣ ልኬን እሠራለሁ፣ እሱ ሲመጣ መጥረጊያ ይዤ ያገኘኛል። ቤቱ እንደዚያ ሰሞን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

አልበሙ ያለቀ ዕለት ሁሉም ተሰበሰቡ። ወንድማማቾቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ መምህሩና ሐኪሙ ሶፋው ላይ፣ እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ወንድሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ሳያቋርጥ ለቀቀው። የእህት ወሬ አይሁንብኝና ግሩም ነው። ታችኛውን ድምፅ፣ ያንን ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠውን፣ ከእሱ በቀር ማንም አይሠራውም። ላይኛው የኔ ነው። የቱ ጋ እንደተገናኘን እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ መምህሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ጮክ ብሎ «በቃ ይኸው ነው» አለ፣ ድምፁን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ቆይ» አለ ወንድሜ። «አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

«ምን?» አለ ሐኪሙ።

«ነፍስ» አለ ወንድሜ።

የመጨረሻውን ዘፈን እንደገና ለቀቀው። እጁ በትሬብሉ ረድፍ ላይ አለፈ፤ አልነካውም። ከወንበሩ ወደ ቀኝ ተንጠራርቶ ቀዩን ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ትንሽ መለሰ። «እሰይ፣ አሁን ሆነ» አለ።

«በጣም!» አለ መምህሩ። ሐኪሙም አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «አዎ፣ አሁን ተለወጠ» ሲል ፈረደ። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ ወደ በሩ፣ ወደኔ ዞረ። የተማርኩትን ፊት ፈለግሁት፤ የለም። ዓይን ዓይኑን አየሁት።

ባንዱ እየተሳሳቀና እየተገፋፋ ደረጃውን ወጣ። ከላይ የስፌት ማሽኖቹ ይሰማሉ። እኔ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ፤ የተጠቀለለውን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ሐኪሙ ሲያመሰግነኝ ጠረጠርኩ» አለ። «ሐኪም ተሳስቼ ነው ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«በዚህ ብቻ?»

«ከዚያ አንቺን ማየት ጀመርኩ። እኔ ሳዞር ስፒከሩን ነው የምታዪው። እኔ ሳልነቀንቅ አትነቀንቂም። ያንን ፊት እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።» ጣቱን ወደ ጆሮው ወሰደና መለሰው። «ይህ ቢደክምም ነገር በዓይን ይገባል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ተይው። ጥሩ ሠርተሽዋል። ቅንድብሽን ብቻ ትንሽ ታበዢዋለሽ።»

ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም፤ እኛ ቤት ማባበል የለም። ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ እሱ መጠቅለል ቀጠለ፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

«ነገ ምን አለን?» አለ።

«የሳሙና ማስታወቂያ።»

«ወንበሩ ላንቺ ይረዝማል። ዝቅ አድርጊው» አለኝ። ሄዶ ሶፋው ላይ፣ በቀዩ ማዞሪያ በኩል፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ።

ወንበሩን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኩል ሚክሰሩ ሌላ ሚክሰር ነው፤ እጄን የት እንደማሳርፍ ግራ ገባኝ።

«እስቲ የመጨረሻውን ልቀቂልኝ» አለ። ለቀቅሁለት። ከድራሙ ጋር ጣቱ ጉልበቱን ይመታል፣ ከቤዙ ጋር ራሱ ይወዛወዛል። ሲምባሎቹ ሊገቡ ሲሉ ጣቱ ቆመ።

«አሁን ገቡ?»

«ገቡ።»

«ይጮኻሉ?»

«አይጮኹም። ይገባሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ይሄዳሉ።»

«የሐኪሙ መሆናቸው ይታወቃል?»

«ይታወቃል» አልኩት። «ትንሽ ይቸኩላሉ።»

«እሱ ነው» አለ። «እንግዲያው ይበቃኛል።» ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳም።